አሥራ ሦስት ሰዓት ከአርባ

ጋሽ ስምሪት በሕይወቱ አንድም አውቶቡስ ነድቶ አያውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ግን መናኸሪያው ውስጥ በመስታወት በተከለለች ጠባብ ቢሮ ተቀምጦ፣ የትኛው አውቶቡስ በስንት ሰዓት ተነስቶ በስንት ሰዓት የት እንደሚደርስ የሚወስነው እሱ ነበር። እውነተኛ ስሙን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ለሾፌሩም፣ ለረዳቱም፣ ለተሳፋሪውም «ጋሽ ስምሪት» ነው፤ ጡረታ ሲወጣም ስሙ አብሮት ወጣ።

አመሉም አብሮት ወጣ። ባለቤቱ ገበያ ልትሄድ ዘንቢል ስታነሳ «የመመለሻ ሰዓት?» ይላታል። ልጁ ሻወር ቤት ከቆየች በሩን ኳ ኳ አድርጎ «አሥራ ሁለት ደቂቃ ዘግይተሻል» ይላል። ባለቤቱ ሃያ ስምንት ዓመት ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ሆና የሠራች፣ ሰው ሲጮህባት ድምጿን የምትቀንስ ሴት ናት። ልጁ ደግሞ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ሁለቱም ከዚህ ሰው ጋር መኖር የሚቻለው አንዳንዱን እየሰሙ አንዳንዱን እንዳልሰሙ ሆነው በማለፍ መሆኑን ካወቁ ቆይተዋል።

ነገሩ የመጣው እትዬ ልመጣ ነው ያሉ ጊዜ ነው።

እትዬ የጋሽ ስምሪት ታላቅ እህት ናቸው። በአሥራ ሦስት ዓመት ይበልጡታል፤ እናታቸው ቀድመው ስላረፉ እጁን ይዘው ትምህርት ቤት የወሰዱት፣ አፍንጫውን የጠረጉለት፣ ሲያጠፋም ጆሮውን የቆነጠጡት እሳቸው ናቸው። በኋላም የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ሆኑና ለሌላው ዓለምም ሁሉ ያንኑ ያደርጉ ጀመር። ወንድ ልጃቸው ሩቅ አገር ሥራ ይዞ ሲወስዳቸው ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው። በስልክ ድምፃቸው ሲሰማ ጋሽ ስምሪት ዛሬም ከመቀመጫው ይነሳል።

ልጅቷ የአክስቷን የጉዞ ወረቀት መድኃኒት ቤቱ ማተሚያ ላይ አትማ አመጣችለት። መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ርቀት፦ አሥራ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር። የበረራ ጊዜ፦ አሥራ ሦስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ። መነሻ፦ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት። መድረሻ፦ ቅዳሜ ረፋድ አምስት ሰዓት ከአርባ።

እንደገና አነበበው። ከዚያ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ሳቀ።

«ይኼን ወረቀት የሠራው ሰው ስንት ዓመቱ ነው?»

«ኮምፒውተር ነው የሠራው፣ አባዬ።»

«እሺ፣ ኮምፒውተሩ ስንት ዓመቱ ነው? ሦስት ሰዓት የተነሳ፣ አሥራ ሦስት ሰዓት ተኩል የሄደ ሰው እንዴት አድርጎ ነው አምስት ሰዓት ከአርባ የሚደርሰው? ወደ ኋላ ነው እንዴ የሚበረው?»

ልጅቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። በሽተኛ መድኃኒቱን ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ ግራ ሲገባው እንደምታስረዳው አድርጋ፣ ቀስ ብላ አስረዳችው። «እነሱ ጋ ፀሐይ ቀድማ ነው የምትወጣው። እኛ ዓርብ ማታ አራት ሰዓት ስንል፣ እነሱ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይላሉ። መነሻው የተጻፈው በእነሱ ሰዓት ነው፤ መድረሻው በእኛ።»

«ፀሐይ ለሁሉም እኩል እንደማትወጣ እኔም አውቃለሁ! ግን አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ዓይነት ሰዓት አይጻፍም። እኔ እንዲህ ያለ ስምሪት ጽፌ ብሰጥ ኖሮ ሾፌሮቹ ክሪክ ይዘው ያሳድዱኝ ነበር። መናኸሪያ ውስጥ ያለው ሰዓት አንድ ነው፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው።»

«ልጅቷ የተማረችውን ነው የነገረችህ» አለች ባለቤቱ ከጓዳ።

«እኔም የሠራሁትን ነው የምነግራችሁ።»

እስክሪብቶና የድሮ የስምሪት ደብተር አወጣ። አሥራ አንድ ሺውን ኪሎ ሜትር ለአውሮፕላኑ ፍጥነት አካፈለ፤ ለመነሳትና ለማረፍ ጨመረ፤ ደመና ላይ ይንገላታል ብሎ ትንሽ ደገመለት። አሥራ ሦስት ሰዓት ከአርባ ሁለት ደቂቃ መጣለት። «አያችሁ? በሁለት ደቂቃ ብቻ ነው የምንለያየው። ርቀቱ ልክ ነው፣ የጉዞው ጊዜ ልክ ነው፣ መነሻው ልክ ነው። የተሳሳተችው መድረሻዋ ናት።» በቀይ እስክሪብቶ «አምስት ሰዓት ከአርባ» የሚለውን ሰርዞ ከላዩ «ከምሽቱ አራት ሰዓት ከአርባ» ብሎ ጻፈ፤ ከጎኑ ፈረመና ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈው።

እናትና ልጅ ተያዩ። ባለቤቱ ትከሻዋን ከፍ ዝቅ አደረገች። የጨዋታው መጨረሻ ይኼ ነበር፤ ቢያንስ እሱ እንደዚያ መስሎት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ስምሪት ከሁሉም ቀድሞ ተነሳ። የእንግዳ ማረፊያዋ ክፍል፣ በሯ በቀጥታ ወደ ሰፈሩ መንገድ የሚከፈተው፣ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ቀለም አልነካትም። እህቱ ግድግዳ ላይ ጣታቸውን አሳልፈው ጣታቸውን የሚያዩ ሴት ናቸው። እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ከአርባ ደግሞ ጊዜ በሽ ነው። በሩ ላይ መርሐ ግብር ለጠፈ። በመርሐ ግብሩ መሠረት አልጋው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከክፍሉ ይነሳል፣ ሁለት ሰዓት ከሠላሳ አምስት መንገድ ዳር ይደርሳል። ቁም ሳጥኑ በአሥር ደቂቃ ይከተለዋል። ከአራት እስከ ስድስት ቀለም ይቀባል፤ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ይደርቃል፤ ሁለት ከሩብ ላይ አልጋው የመልስ ጉዞውን ይጀምራል። ከግርጌው «ማርፈድ ክልክል ነው» ብሎ ጽፎበታል።

አልጋውን ከጎረቤቱ ከጸጉር አስተካካዩ ጋር ተሸክመው መንገዱ ላይ ዘረጉት፤ ፍራሹን ከነአንሶላው ከላዩ አደረጉ። ቁም ሳጥኑን አጠገቡ ገተሩት። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ከእንግዲህ ሰው እንጂ መኪና አያሳልፍም። «ማን ይመጣል ብለህ ነው በቅዳሜ» አለ ጋሽ ስምሪት።

ሊቀባ ጋዜጣ ወለሉ ላይ ሲያነጥፍ ባለቤቱ ክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ጸጉሯን ተሠርታ በበሩ ብቅ አለች።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«የትም። እንግዳ ልቀበል ነው።»

«እንግዳዋ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚደርሱ ማቀዝቀዣው ላይ ተጽፏል።»

«አይቼዋለሁ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ከቀዩ ሥር ያለውንም አይቼዋለሁ።»

ልጅቷም ቦርሳዋን አንግታ «ቻው አባዬ፣ ተረኛ ነኝ» ብላ ወጣች። ተረኛ የሆነችው ለመድኃኒት ቤቱ ሳይሆን ለአየር ማረፊያው እንደሆነ ለእሱ የነገረው የለም።

አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን የክፍሉ ሦስት ግድግዳ ሰማያዊ ሆኗል። ጋሽ ስምሪትም ከቅንድቡ እስከ ጫማው እንደዚያው። አንድ አውሮፕላን ሰፈሩን እያጓራ ዝቅ ብሎ አለፈ። ብሩሹን እንደያዘ በበሩ ብቅ ብሎ አንጋጠጠ።

«ማንን ይዞ ይሆን?» አለ።

ባለቤቱም መንገዱ ላይ ባለው አልጋ ጫፍ ተቀምጣ አንጋጠጠች። «እንጃ» አለች። «ግን በሰዓቱ የመጣ ይመስላል።»

«ይመስላል» ብሎ ተስማማ፤ በሰዓቱ የሚመጣ ነገር ደስ ይለዋል።

የመጨረሻውን ግድግዳ ጨርሶ እጁን ሲጠርግ ነው ወንበሩ ትዝ ያለው።

እህቱ ከመሄዳቸው በፊት አንድ ትልቅ፣ አረንጓዴ፣ ባለ ክንድ ወንበር ገዝተው «ጡረታ ስትወጣ ትቀመጥበታለህ» ብለው ሰጥተውት ነበር። ቢሞክረው ወገቡን አሳመመው፤ ቢያስቀምጠው ሳሎኑን ሞላው። እሱም ለጸጉር አስተካካዩ «ለጊዜው» ብሎ አዋሰው። ጊዜው ስምንት ዓመት ሆነ። የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ጢሙን የተላጨው እዚያ ወንበር ላይ ነው። እትዬ ደግሞ ገና ከበሩ «ወንበሬስ?» እንደሚሉ እንደ እጁ መዳፍ ያውቃል።

ሮጦ ጸጉር ቤቱ ደረሰ። ወንበሩ ላይ አንድ ወፍራም ሰውዬ ግማሽ ፊቱ ተላጭቶ፣ ግማሹ አረፋ ለብሶ ተንጋሏል።

«ይነሱልኝ፣ ወንበሩን ልወስደው ነው።»

«ልጨርስ እንጂ» አለ ሰውዬው ዓይኑን ሳይገልጥ።

«ቁጭ ብለው የጀመሩትን ቆመው ይጨርሱ። እህቴ ሊመጡ ነው!»

«መቼ?»

«ማታ አራት ሰዓት ከአርባ።»

ሰውዬው አንድ ዓይኑን ገልጦ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። ስድስት ሰዓት ተኩል ነበር። ተመልሶ ጨፈነ። ጋሽ ስምሪት ግን ነገር አልገባውም፤ የወንበሩን ጀርባ ይዞ ቀስ በቀስ ወደፊት አዘነበለው። ሰውዬው እንደ አሸዋ ተንሸራቶ በእግሩ ቆመ። ጸጉር አስተካካዩም ምላጩን እንደያዘ ተከትሎት ቆመና ሥራውን ቀጠለ።

ጋሽ ስምሪት ወንበሩን ገልብጦ አናቱ ላይ ደፋው። መቀመጫው እስከ አፍንጫው ሸፈነው፤ አራቱ እግሮች ወደ ሰማይ ቆሙ። የሚታየው የራሱ ጫማና ከጫማው ፊት ያለው አንድ ክንድ ያህል መሬት ነው። በዚያች መሬት እየተመራ፣ እርምጃውን እየቆጠረ ወደ ቤቱ መንገድ ጀመረ።

አርባ ሁለተኛው እርምጃ ላይ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማ። ከዚያ ድምፅ መጣ።

«አንተ ልጅ!»

ቆጠራው አርባ ሁለት ላይ ቆመ። ይህን ድምፅ በዓለም ላይ ያሉ ጆሮዎች ሁሉ ባያውቁት የእሱ ያውቀዋል።

«አንተን ነው፣ ባለ ወንበሩ! ተሸካሚ ነህ?»

አእምሮው የመናኸሪያ ስልክ ሆኖ ሁሉም ባንዴ ጮኸበት። አምስት ሰዓት ከአርባ። አልጋው መንገድ ላይ ነው። ቀለሙ አልደረቀም። ሰማያዊ ነኝ። ወንበሩ አናቴ ላይ ነው። ከዚህ ሁሉ መሃል ግን አንዲት የተስፋ ጭላንጭል ታየችው፦ ፊቱ አይታይም።

«አዎ፣ እሜቴ» አለ፤ ድምፁን ከሆዱ አወጣው። ሲሰማው የሚያጓራ በሬ መሰለው።

«ጥሩ። ታክሲው መግባት አልቻለም፤ አንድ የማይረባ ሰው መንገዱን በዕቃ ዘግቶታል። የወንድሜ ልጅ ሻንጣ እያወረደች ነው። ይኼን ያዝልኝ።» የእጅ ቦርሳቸውን በአንዱ የወንበር እግር ላይ አንጠለጠሉት። በሁለተኛው ካፖርታቸውን፣ በሦስተኛው ባርኔጣቸውን፣ በአራተኛው አንድ ፌስታል ብስኩት ሰቀሉበት። ከዚያ የትንሿን ሻንጣ እጀታ በመዳፉ አስጨበጡት። «ቀጥ ብለህ ሂድ። እኔ እከተልሃለሁ።»

ሄደ። ምን ያድርግ? ከኋላው የእህቱ ጫማ ቀጭ ቀጭ ይላል።

«ወንድሜ ዘንድ ነው የምሄደው» አሉ እትዬ፤ እንደ ልማዳቸው ዝም ብለው መሄድ አይችሉም። «አየር ማረፊያ አልመጣም። ልጁ እንደነገረችኝ ሌላ ሰዓት አስልቶ ነው። ሒሳብ ድሮም ይወዳል፤ ችግሩ ሒሳቡ እሱን አይወደውም።»

ወንበሩ ባንዴ ተነቃነቀ፤ የብስኩቱ ፌስታል ተንኮሻኮሸ።

«ግትር ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ትምህርት ቤት ቅዳሜም ይከፈታል ብሎ ተከራክሮኝ፣ ሄዶ እስከ ምሳ ሰዓት በሩ ላይ ቆሟል፤ ተሸንፌያለሁ ላለማለት ብቻ። ልቡ ግን ደህና ነው። አንተስ ወንድም አለህ?»

«እህት ነው ያለችኝ» አለ ከሆዱ።

«ደግ ናት?»

«ኃይለኛ ናት፣ እሜቴ። ግን ደግ ናት።»

«እንዲያ ከሆነስ ዕድለኛ ነህ» አሉና ትንሽ ሳል አደረጉ።

አልጋው ጋ ደረሱ። ጋሽ ስምሪት ከወንበሩ ሥር የባለቤቱን ክት ጫማ አየ። ጫማው አልተነቃነቀም፤ ብቻ ከሳቅ የተነሳ ይሁን ከምን፣ ተረከዙ ይንቀጠቀጣል።

«ማነው አልጋ መንገድ ላይ ያወጣ?» አሉ እትዬ።

«ሰዎቹ... ቤት እየለቀቁ ነው መሰለኝ፣ እሜቴ።»

«የሚያሳዝን ነው። ከነአንሶላው? እንግዲህ እዚሁ ይብቃህ። አሁን ወንበሬን አስቀምጠውና ሳመኝ።»

ጋሽ ስምሪት ወንበሩን ከአናቱ አንስቶ፣ ከነካፖርታውና ከነብስኩቱ መሬት አስቀመጠው። እህቱ ፊት ለፊቱ ቆመዋል፤ አጥረዋል፣ ጸጉራቸው ጥጥ ሆኗል፤ ዓይናቸው ግን ያው ነው።

«መቼ አወቁኝ?» አለ በራሱ ድምፅ።

«ከታክሲው ስወርድ። አምስት ዓመት ካልሲ ያጠለቅኩለት እግር ይጠፋኛል? ደግሞ ስትራመድ ትቆጥራለህ፤ በከንፈርህ ብቻ የቆጠርክ ይመስልሃል እንጂ ድምፅህ ይሰማል።»

አቀፋቸው። ከአንገታቸው እስከ ወገባቸው ሰማያዊ ሆኑ። ባለቤቱ የያዘችው ሳቅ አመለጣት፤ ልጅቷም ትልቁን ሻንጣ እየጎተተች ደርሳ ሻንጣው ላይ ተቀምጣ ሳቀች። ከጸጉር ቤቱ በር ላይ ግማሽ ፊቱ የተላጨው ሰውዬ «ይቺ ናት እንዴ የማታዋ?» ብሎ ጮኸ።

ለጋሽ ስምሪት ግን አንድ ነገር ሳይጣራ መቅረት የለበትም። ደረቱን ነፋ አድርጎ፣ «እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አውሮፕላኑ ላይ ስንት ሰዓት ተቀመጡ?» አለ።

«አሥራ ሦስት ሰዓት ከአርባ። ወገቤ እያንዳንዷን ደቂቃ ቆጥሯታል።»

ወደ ባለቤቱ ዞረ። ሰማያዊ ፊቱ በራ። «አላልኩም? አላልኩም ወይ!»

«ብለሃል» አለች እሷ። «እሳቸውም ደርሰዋል።»

የስምሪት ደብተሩን ሊያመጣ ሲዞር እትዬ አዛጉ። «በሉ እዚህ ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው አላችሁ፤ ለእኔ ግን እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው። እንቅልፍ ሊጥለኝ ነው። ክፍሌ የታለች?»

በተከፈተው በር የቀለም ሽታ ይወጣል። ጋሽ ስምሪት መርሐ ግብሩን አየ። እንደ መርሐ ግብሩ ከሆነ አልጋው ወደ ክፍሉ ሊመለስ ሰባት ሰዓት ከሩብ ይቀረዋል።

እትዬ በሩን አዩ፤ አልጋውን አዩ። ጫማቸውን አውልቀው አልጋው ሥር ጎን ለጎን አስተካክለው አስቀመጡ፤ አንሶላውን ገለጡና ገቡ። «ያ ጎረምሳ እንዳይጮህ» አሉና ግማሽ ፊቱ የተላጨውን ሰውዬ በጣታቸው ጠቆሙ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ማንኮራፋት ጀመሩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰፈሩ አሁንም ያወራዋል። ጋሽ ስምሪት ጥቁር ጃንጥላ አምጥቶ አረንጓዴው ወንበር ላይ ተቀመጠና ለእህቱ ፊት ጥላ ያዘ። ፀሐይ ስትዞር ወንበሩን እያዞረ ተከተላት። ኳስ ይዘው የመጡትን ልጆች በሌላ መንገድ መለሳቸው። ሞተር ሳይክል ሲመጣ እጁን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ዘርግቶ አስቆመና ነጂውን አስወርዶ፣ ሞተሩን አስጠፍቶ እየገፋ እንዲያልፍ አደረገው። ወገቡን ያመው ነበር። አልተነሳም። አንድ ጊዜ ባለቤቱ ሻይ አምጥታለት ስትመለስ፣ ከኋላዋ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አየር ማረፊያ መሄድ ነበረብኝ» ሲል ሰማችው። ዞራ ትከሻውን ነካ አደረገችው፤ ጣቷ ሰማያዊ ሆነ።

እትዬ የነቁት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ተነስተው ተቀመጡና ዙሪያውን አዩ፤ ጸጉራቸውን በእጃቸው ደልደል አደረጉ።

«ነግቷል» አሉ። «ቁርስ አልደረሰም?»

ጋሽ ስምሪት የእጅ ሰዓቱን አየ። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር ይላል። አፉን ከፈተ። ባለቤቱም ልጁም በር ላይ ቆመው ምን እንደሚል ይጠብቃሉ።

«እየደረሰ ነው፣ እትዬ» አለ። «ትኩስ ዳቦ ገዝቼ ልምጣ።»

እንቁላል ተጠበሰ፤ ሻይ ተቀዳ፤ አልጋው ላይና ወንበሩ ላይ ሆነው እዚያው መንገድ ላይ ቁርሳቸውን በሉ። ጸጉር አስተካካዩ ቤቱን ዘግቶ ሲያልፍ ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ «እንደምን አመሻችሁ?» አላቸው።

«እንደምን አደርክ?» አለ ጋሽ ስምሪት፣ ለእህቱ ሁለተኛ ሻይ እየቀዳ።